የድንጋይ መቁረጫ ቤታችን አቧራ፦ ለሠራተኞቼ ወተት መስጠት ይበቃል?

ባለ ወርክሾፕዋ (ቃሊቲ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የእምነበረድና የግራናይት መቁረጫ ቤት ነበረው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ ሥራው በእኔ እጅ ገባ። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ድንጋይን የማውቀው በካሬ ሜትርና በደረሰኝ ነበር። አሁን ሰባት ሠራተኞች አሉኝ። የደረጃ መርገጫ፣ የመስኮት ደፍ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ አልፎ አልፎም የመቃብር ሐውልት እንሠራለን።

ትልቁ መቁረጫ ማሽን በውኃ ስለሚሠራ ብዙ አቧራ የለውም። ጭንቀቴ የእጅ ግራይንደሩ ነው። የጠረጴዛ ጠርዝ ሲሞረድ፣ የእቃ ማጠቢያው ቦታ ሲበሳ፣ ማዕዘን ሲስተካከል ሁሉም በደረቁ ነው። ልጆቹ ሻርፕ ይጠመጥማሉ፤ እኔም የሐኪም ቤቱን ሰማያዊ ጭምብል በካርቶን እገዛላቸዋለሁ። ማታ ሲወጡ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ነጭ ነው። ኮምፕረሰሩን ከፍተው እርስ በርስ ልብሳቸውን በአየር እየነፉ ያራግፋሉ፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አባቴ ለእያንዳንዳቸው በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጥ ነበር። «ወተት አቧራውን ያጥበዋል» ይል ነበር፤ እኔም አላቋረጥኩም።

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ገባሁ። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች የገባው ፀሐይ ቀጥ ብሎ እንደ ክር ወርዷል። ማሽን ከቆመ ሃያ ደቂቃ አልፏል፤ ክሩ ውስጥ ግን አቧራው ገና ይንሳፈፋል። የአንዱ ልጅ ምሳ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ክዳኑን ነካሁት፤ የጣቴ ምልክት እንደ ማኅተም ቀረበት። ልጁ መጣና ክዳኑን በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ከፈተው፤ እንጀራውን እዚያው ቆሞ መብላት ጀመረ። እኔ የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ከሁሉም ጎበዝ የሆነው ግራይንደር ያዥ ዕድሜው 28 ነው። ዘጠኝ ዓመት ግራይንደር ይዟል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያስለዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ የስድስት ወር መድኃኒት ጨረሰ። አክታው ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም ነበር፤ በራጅ ብቻ ነው የተጀመረለት። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ድሮ ሁለት ሰው የሚያነሳውን ድንጋይ ብቻውን ያነሳ ነበር፤ አሁን ከቢሮዬ በር እስከ ማሽኑ ድረስ ሲሄድ መሐል ላይ ይቆማል። የቆመውም ስልክ ለማየት ነው ለማስመሰል ስልኩን ያወጣል። አባቴም በመጨረሻ ዓመታቱ እንዲህ ይቆም ነበር። ሁላችንም ብርድ ነው እንል ነበር።

ስለዚህ እጠይቃችኋለሁ። ወተቱ ይጠቅማል ወይስ ራሳችንን ስናታልል ኖረናል? ጭምብሉስ? አንዱ ልጅ በሃይላንድ ክዳን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ሌላው ሲቆርጥ ውኃ ያንጠባጥብለታል፤ አቧራው በጣም ይቀንሳል፤ ሁሉም እንዲህ ይሥሩ? ገንዘቤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማድረግ አይበቃም፤ በምን ልጀምር? ደግሞ ሰሞኑን ደንበኞች ኳርትዝ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ እየጠየቁኝ ነው፤ ልቀበል ወይስ ልተው? የምታውቁትን አትሸሽጉኝ።

አሮጌው ጠራቢ

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 24 ዓመት ድንጋይ ቆርጫለሁ፣ ጠርቤያለሁ፤ አሁን የሥራ ቦታ ኃላፊ ነኝ። የምነግርሽ በእጄ ያለፈውን ነው።

ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ያንን በሃይላንድ ውኃ የሚያፈሰውን ልጅ ዛሬውኑ አስቁሚው። ውኃ ማሰቡ ትክክል ነው፤ ተራው የኤሌክትሪክ ግራይንደር ግን ለውኃ አልተሠራም። ውኃው በማቀዝቀዣ ቀዳዳው በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል፤ የያዘው ልጅ ደግሞ የቆመው እርጥብ ወለል ላይ ነው። ከአቧራ እናድነው ስንል በኤሌክትሪክ እንዳናጣው። ውኃ ያለበት ሥራ በውኃ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ይፈልጋል። በእኛ ቤት ያዋጣን በኮምፕረሰር አየር የሚዞረው ግራይንደር ነው፤ በመሐሉ ውኃ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ አለው። ኤሌክትሪክ እጁ ላይ የለም። አንቺ ኮምፕረሰር አለሽ፤ ልብስ ማራገፊያ ሆኖ ነው እንጂ። ከመግዛትሽ በፊት ግን ኮምፕረሰርሽ መሣሪያው የሚጠይቀውን አየር መስጠት መቻሉን አረጋግጪ፤ ትንሹ ኮምፕረሰር አይችለውም፤ ዲስኩ እየደከመ ሠራተኛው ተናዶ ወደ ደረቁ ይመለሳል። ለትልቁ ማሽንም ቢሆን ሰው ሳይመታ መብራቱን የሚያቋርጥ ብሬከር ይኑርሽ፤ ገመዱም ከወለሉ ከፍ ብሎ ይሰቀል።

አቧራ የሚያዘው ከዲስኩ ሳይለይ ነው። ዲስኩ ድንጋዩን በሚነካበት ነጥብ ላይ ውኃ ካገኘው ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። አንዴ አየር ላይ ከወጣ በኋላ የሰባቱም ሠራተኛ፣ ሻይ የምታመጣውም ልጅ፣ የአንቺም ነው። ለዚህ ነው ማራገቢያ የማልወደው፤ አቧራውን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ያድላል። በአንድ ግራይንደር ላይ ቢያንስ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ከክዳን የሚንጠባጠብ አይበቃም። ሠራተኛው ውኃው በዝቶ ቁራጩ አልታይ አለኝ ካለሽ የሚረጭበትን ማዕዘን አስተካክሉ፤ ውኃውን አትዝጉ።

ገንዘብ ሳታወጪ የምትጀምሪበት ግን አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብለሽ በደረቁ የሚቆረጠውን ሁሉ ጻፊ፤ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ ይህ ያንቺ ሥራ ነው። እኛ ስንጽፍ ያየነው፣ በግራይንደር ከምንቆርጠው ውስጥ አብዛኛው በትልቁ ማሽን ሊቆረጥ ይችል ነበር። ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ማሽኑ መውሰድ ስለሚያሰለች ብቻ ነው ሰው ባለበት ቦታ ግራይንደር የሚያነሳው። አንድ ባለ ጎማ ጋሪ አሠራንና ያ ቀረ። ሌላው የደንበኛ ቤት ነው። ልኬቱ ተሳስቶ ድንጋዩ አልገባ ሲል ልጁ ወጥ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ በደረቁ ይሞርደዋል። ከዚያ የባሰ ቦታ የለም፤ የደንበኛሽ ልጆችም እዚያው ቤት ናቸው። ከካርቶን ወይም ከስስ ጣውላ ንድፍ አስወስጂ፤ ግድግዳው ከጠመመ ንድፉም ይጥመም። እኛ ይህን ከጀመርን ወዲህ ደንበኛ ቤት ግራይንደር ይዘን የሄድንበትን ቀን አላስታውስም።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው ትይኝ ይሆናል። ለዚህ ነው ሦስት ጉድጓድ በተከታታይ የሚቆፈረው። ጭቃው ውኃ መጀመሪያው ላይ ይወርዳል፣ ዝቃጩ ይቀራል፤ የጠራው ወደ ሁለተኛው ይሞላል፤ ሦስተኛው ላይ በፓምፕ ተስቦ ወደ ሮቶው ይመለሳል። ያን ጊዜ በየቀኑ የምትጨምሪው የጎደለውን ብቻ ነው። ግን ልብ በይ፦ ዝቃጩ ሳይደርቅ እርጥቡን በአካፋ እየወጣ በማዳበሪያ ከረጢት ይታሰር። እኛ መጀመሪያ ግቢው ጥግ ላይ እንከምረው ነበር። ጥር ላይ ደረቀና ንፋስ ሲነሳ በውኃ የያዝነው አቧራ ሁሉ ተመልሶ መጣ።

መጥረጊያውን ከወርክሾፑ አስወጪው። ወለል በጎማ ውኃ ይታጠባል እንጂ አይጠረግም። ኮምፕረሰር በሰው ልብስ ላይ እንዳይከፈት በሩ ላይ ጽፈሽ ለጥፊ፤ የሚከፍተውን ደግሞ ራስሽ አስቁሚ፤ ጽሑፍ ብቻውን አያስቆምም። የሥራ ልብስ ሁለት ሁለት ስጫቸውና እዚያው ይታጠብ። ባልደረባዬ ማታ ቤቱ ሲገባ ሴት ልጁ ሮጣ ደረቱ ላይ ትለጠፍ ነበር። ፀጉሯ ነጭ ሲሆን እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ጭምብል የመጨረሻው ነው ስልሽ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ውኃው ሳይኖር ጭምብል ብቻ ማለት ግን ጣሪያው እያፈሰሰ ጃንጥላ ይዞ ቤት ውስጥ መቀመጥ ነው። ሰማያዊው ጭምብል አፍንጫው ጎን ክፍት ነው፤ ሲያወልቁት ጉንጫቸው ላይ ነጭ መስመር ታያለሽ። መስመሩ አቧራው የገባበት መንገድ ነው። ሻርፕ ደግሞ ደቃቁን አያስቀርም። ኤን-95 ወይም ኤፍኤፍፒ-3 የሚባለውን ግዢ፤ ጢም ያለው ሰው ላይ ግን እሱም አይገጥምም።

አብረን ሥራ የጀመርን አራት ነበርን። ከእኛ ውስጥ ዛሬ ሁለት ፎቅ ሳያርፍ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው። ያንን ልጅ ከግራይንደሩ አንሺው።

የሲሚንቶ ቤት ሰው

ወተትን እንዲህ አታቃልሉት። ሲሚንቶ ፋብሪካ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በወተት ነው የኖርነው። ጉሮሮ ሲደርቅ ያለሰልሳል፤ ወተት የጠጣሁበት ቀንና ያልጠጣሁበት ቀን ለእኔ እኩል አይደሉም። የሠራተኛ ማኅበራችን ተደራድሮ ያገኘው መብት ነው። ሳንባን ያጥባል አያጥብም የሚለውን ለሐኪሞች እተዋለሁ። ግን እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ነገ ተነስተሽ «ወተት አይጠቅምም ተባለ» ብለሽ ብታቋርጪ ሠራተኛው የሚሰማው ስለ ጤናው እንዳሰብሽ አይደለም፤ ከደመወዙ እንደቀነስሽ ነው። ከዚያ በኋላ የምታመጪውን ጭምብልም ውኃም በጥርጣሬ ነው የሚያየው። አዲሱን ነገር አምጪ፣ ወተቱን ግን አትንኪ።

ነርሷ (ሐዋሳ)

ስለ ወተቱ አለማቋረጥ ከላይ ያሉት ወንድሜ በተናገሩት እስማማለሁ። ወተት ምግብ ነው፤ ለከባድ ሠራተኛ ጥሩ ነው። መድኃኒት ግን አይደለም። የምንጠጣው ነገር ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ የምንተነፍሰው ደግሞ በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ፤ ወተቱ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሰውየው ይታነቃል። የደረቀውን ጉሮሮ ማለስለሱ እውነት ነው፤ አደገኛው አቧራ ግን ጉሮሮ ላይ አይቆምም።

ባለ ወርክሾፕዋ፣ በፀሐዩ ክር ውስጥ ያዩት አቧራ ዋናው ጠላት አይደለም። ዓይን የሚያየው ትልቅ ነው፤ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይያዛል፤ በንፍጥና በአክታ ይወጣል። ወደ ሳንባ ጫፍ የሚደርሰው ከሰው ፀጉር ውፍረት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ የሚያንሰው ነው። እሱ አይታይም፤ ማሽን ከቆመም በኋላ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ ምሳ እዚያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይበላ፤ ለምግቡ ብቻ አይደለም፣ በእረፍት ሰዓታቸውም እየተነፈሱት ስለሆነ ነው።

በዚህ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ይባላል። ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ሊበሉት ይሞክራሉ፤ አይፈጭላቸውም፤ እነሱ ራሳቸው ይሞታሉ፤ ቦታው ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ሲበዛ ሳንባ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆናል፤ አይለጠጥም። በሽታው ሲሊኮሲስ ነው። ጠባሳውን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ሰውየው ከአቧራው ከወጣም በኋላ ሊብስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን አቧራ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። መጠኑን እንዲገምቱት ልንገርዎት፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ደንብ አንድ ሠራተኛ በስምንት ሰዓት ሥራ በአማካይ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ሲሊካ ባለበት አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ መሥራት የለበትም። አንድ ሰው በዚያ ሰዓት ውስጥ አሥር ሜትር ኩብ አየር ያህል ይተነፍሳል። ሲሰላ ለሙሉ ቀን ግማሽ ሚሊግራም ነው፤ ከአንድ ቁንጥር ጨው እጅግ ያነሰ።

ድንጋይ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ይህን ለሥራ ምደባዎ ይጠቀሙበት። ንጹሕ እምነበረድ በአብዛኛው የኖራ ዘር ነው፤ ሲሊካው ጥቂት ነው። ግራናይት ሲሶ ያህሉ ሊሆን ይችላል። ለግንብ ማልበሻ የሚመጣው የአምቦ ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነውና ሲሊካው ከግራናይቱም ይበልጣል። ለስላሳ ስለሆነ ሠራተኛ በደረቁ መቁረጥ ይወዳል፤ እዚያ ላይ ይጠንቀቁ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ፤ ልቤን የነካው እሱ ነው። ሲሊኮሲስና ሳንባ ነቀርሳ በራጅ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሳንባውን የላይኛ ክፍል ይወዳሉ። በአገራችን ነቀርሳ ብዙ ስለሆነ ባለሙያው መጀመሪያ እሱን ቢያስብ አይፈረድበትም። ደግሞ ሲሊካ የገባበት ሳንባ ለነቀርሳ በጣም የተጋለጠ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ነቀርሳ አልነበረም» ብላችሁ አትደምድሙ። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በሽተኛን ዕድሜውን፣ አድራሻውን፣ ሲጋራ ማጨሱን እጠይቅ ነበር፤ «ሥራህ ምንድን ነው?» ስል «የቀን ሥራ» ካለኝ እሱኑ ጽፌ አልፍ ነበር። አሁን እጁን አያለሁ። ስለዚህ ለልጁ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉለት፦ ምን ድንጋይ፣ በምን መሣሪያ፣ በደረቅ ወይስ በውኃ፣ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት። የድሮውንና የአዲሱን ራጅ ይዞ የሳንባ ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ይሂድ፤ የትንፋሽ አቅም መለኪያም ይጠይቅ። ሌሎቹም ስድስቱ ይመርመሩ፤ መጀመሪያ ላይ ምንም ስሜት የለውም።

ከግራይንደሩ ሲያነሱት ደመወዙን እንዳይነኩት አደራ እላለሁ። አንዱ ሳለ ብሎ ገቢው ከተቀነሰ ሌሎቹ ሳላቸውን ይደብቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪን ግዴታዎች ይዘረዝራል፦ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ፣ አጠቃቀሙን ማስተማር፣ በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን በራስ ወጪ ማስመርመር። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታም በሕጉ እንደ ጉዳት ይቆጠራል።

አንድ ያልጠየቁትን ልጨምር። ድንጋይ ማጣበቂያ፣ ቲነር፣ አኳራጅና ማጽጃ አሲድ ምን ውስጥ ነው የምታስቀምጡት? ሃይላንድ ውስጥ ከሆነ ዛሬ ይውጣ። አሲድን ውኃ መስሎት የጠጣ ሰው ጉሮሮ ሲቃጠል ተረኛ ሆኜ አይቻለሁ። በየራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ፣ ከብየዳ ርቆ ይቀመጥ። አሲድና በረኪና ፈጽሞ አይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። ማጣበቂያውም በር ተከፍቶ ይሠራበት፤ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል የኬሚካል ትነት አያስቀርም።

ከአሽዶድ

እህቴ፣ እኔ የምመልስልሽ ስለ ኳርትዙ ብቻ ነው። እስራኤል ከመጣሁ በኋላ ስድስት ዓመት ሻይሽ ቤት ሠርቻለሁ፤ እዚህ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ድንጋይ የሚቆርጡበትን እንዲህ ነው የምንለው። ሰው ሠራሹ ድንጋይ የተፈጨ ኳርትዝ በሙጫ ተጋግሮ የተሠራ ነው። የተለመደው ዓይነት ከመቶው ከዘጠና በላይ ሲሊካ ነው። ከግራናይት ጋር አስተያዪው። በዚያ ላይ አቧራው በጣም ደቃቅ ነው፤ ሙጫውም ሲሞቅ ይተናል፤ ዓይን ያቃጥላል።

ይህ ድንጋይ እዚህ አገር በየቤቱ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የእስራኤል ሐኪሞች ይህንን ድንጋይ በደረቁ ሲቆርጡ ኖረው ሲሊኮሲስ የያዛቸውን 25 ሰዎች ጉዳይ አሳትመዋል፤ ለሳንባ ንቅለ ተከላ እንዲታዩ የተላኩ ነበሩ። አውስትራሊያ ደግሞ ብዙ ወጣት ሠራተኞቿ ከታመሙ በኋላ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሥራቱንም መሸጡንም መግጠሙንም ከለከለች። አንድ አገር ድንጋይ ከልክሎ ሲያድር ምን አይቶ ነው ብለሽ አስቢ።

አብሮኝ ይቆርጥ የነበረ አንድ የጎንደር ልጅ ነበር። በግራናይት 20 ዓመት ላይ የሚመጣው በእሱ በስምንት ዓመት መጣ። አሁን 41 ዓመቱ ነው። ቤቱ ስሄድ የኦክስጅኑ ቱቦ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ይደርሳል፤ እስከ በረንዳው ግን አይደርስም፤ ሲሸኘኝ ቱቦው የሚያበቃበት ላይ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። አለቃችን ሲጠየቅ «ጭምብል ሰጥቼ ነበር» አለ። ሰጥቶ ነበር፤ እውነት ነው።

በእኔ ምክር ኳርትዙን አትቀበዪ። ደንበኛው ነጭ ከፈለገ የቤኒሻንጉል ነጭ እምነበረድ አለላችሁ አይደል? ሎሚ ሲፈስበት ይበላል፣ ያም እውነት ነው፤ ለደንበኛው አስቀድመሽ ንገሪው። ለጠረጴዛ የማይሆን ከሆነ ግራናይት በውኃ ቁረጡለት።

ባለ ወርክሾፕዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግኩትንም ያላደረግኩትንም ልንገራችሁ።

የሃይላንዱን ነገር የዚያኑ ቀን አስቆምኩ። ልጁ ተቀየመኝ፤ የራሱ ፈጠራ ነበር። ግራይንደሩን ፈትቼ ውስጡ ያለውን እርጥብ ጭቃ ሳሳየው ዝም አለ። አሲድና አኳራጅ የነበረባቸው አራት ሃይላንዶች ተገኙ፤ አንዱ ከመጠጥ ውኃው ጎን ነበር። አሁን ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

አባባ ጠራቢ፣ እንዳሉኝ አንድ ሳምንት ጻፍኩ። በደረቁ ከተሠሩት 63 ሥራዎች 38ቱ በትልቁ ማሽን መሠራት ይችሉ ነበር። ጋሪው ተሠርቷል። ሁለት የአየር ግራይንደሮች ገዛሁ፤ ኮምፕረሰራችን አንዱን ብቻ ነው የቻለው፤ ስለዚህ በተራ ነው የሚሠሩት፤ ሥራው ዘግይቷል፤ ሁለት ደንበኞች ተቆጥተዋል። ጉድጓዱ እስካሁን ሁለት ነው፤ ሦስተኛው ላይ አለት ገጠመን። ኳርትዙን መለስኩ። ምሳ የሚበላው ከበሩ ውጭ ባሠራሁት ዳስ ነው፤ እጅ መታጠቢያውም እዚያው ነው። ወተቱ አልተነካም።

ያልተሳካልኝ ጭምብሉ ነው። ሦስቱ ጢማቸውን አንላጭም ብለዋል፤ አንደኛው በስዕለት ምክንያት ነው፤ እሱን ማስገደድ አልፈልግም። ለጊዜው በውኃ የሚሠራው ትልቁ ማሽን ላይ መድቤዋለሁ። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን፣ በባትሪ አየር እያጣራ የሚሰጥ መሣሪያ ለጢማም ሰው ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ማን እንደሚያመጣው የምታውቁ ጻፉልኝ።

ልጁን ከግራይንደሩ አንስቼ ልኬትና ንድፍ ላይ መድቤዋለሁ፤ ደመወዙ እንደነበረ ነው። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ልታባርሪኝ ነው ብሎ። ሐሙስ ቀጠሮ አለው፤ አብሬው እሄዳለሁ። ነርሷ እንዳሉኝ ወረቀቱን ጻፍኩለትና አነበብኩለት። «ዘጠኝ ዓመት» የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመኝ። «ይህ ልክ አይደለም» አለኝ። «ግራይንደር ከመያዜ በፊት ሁለት ዓመት ጠራጊ ነበርኩ። አቧራውስ የሚብሰው ያኔ ነበር።» ይህም ይጻፍ?

ነርሷ (ሐዋሳ)

አዎ፣ ይጻፍ። 11 ዓመት ብለው ያርሙት፤ በደረቁ ይጠርግ እንደነበርም ለይተው ይግለጹ። የልብሱንም ነገር አይርሱ፤ በኮምፕረሰር ያራግፉት እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ።